አማቴን ቬትናም ቤት የጋበዝኩ ዕለት

በዚህ አገር ሰው ተሳድቦ ይታረቃል፣ ድንበር ገፍቶ ይታረቃል፣ ተካስሶ ፍርድ ቤት ከተመላለሰ በኋላም ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃል። «አልበላም» ብሎ የታረቀ ሰው ግን እኔ እስካሁን አላየሁም። የቀረበልህን ካልበላህ ወይ ንቀሃል፣ ወይ ጠርጥረሃል፣ ወይ ደግሞ ሌላ ቦታ የተሻለ በልተህ መጥተሃል። አራተኛ ምክንያት የለም። አሞኝ ነው ብትልስ? የታመመ ሰውማ የበለጠ ይበላል እንጂ፣ እንዲድን!

እኔ ታዲያ ያ የሌለው አራተኛው ምክንያት ነኝ።

አንጀቴ ከስንዴ ጋር ተጣልቷል። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ የእኔ አንጀት ይህን ነገር ሲያይ ወራሪ ጦር የመጣበት ይመስለውና ተኩስ ይከፍታል፤ የሚመታው ግን ራሱን ነው። መድኃኒቱስ ምንድን ነው አልኩት። መድኃኒት የለውም፣ መተው ነው አለኝ። እስከ መቼ? ዕድሜ ልክ። ዳኛ እንኳ ዕድሜ ልክ ሲፈርድ ይግባኝ ይፈቅዳል፤ ይሄ ሰውዬ «ቀጣይ!» ብሎ ሌላ በሽተኛ ጠራ።

ወዳጆቼ መጀመሪያ ላይ ሳቁብኝ። የጤፍ አገር ተወልደህ ምን ያስጨንቅሃል፣ እንጀራህን እየበላህ መኖር ነው አሉኝ። እኔም ሞኝ ነኝና ተጽናናሁ። በዚህ የኑሮ ውድነት ግን ንጹሕ ጤፍ የሚያበላህ ማን ነው? ሰሚት ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ እንጀራ የምትሸጠውን ሴትዮ ጠጋ ብዬ፣ እኅቴ ይሄ ንጹሕ ጤፍ ነው ወይ ብላት፣ «ንጹሕ ነው፣ ትንሽ ብቻ ነው የተደባለቀው» አለችኝ። ከዚህ በላይ ሐቀኛ ሰው ከየት ይመጣል?

እቤት ውስጥስ ችግር የለም፤ ባለቤቴ ትዕግሥት ጤፉን አስለቅማ፣ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዳ፣ ቆማ ታስፈጫለች። ጉዱ ያለው ከበር ውጪ ነው። ልቅሶ ቤት ስትደርስ ንፍሮ ይዘገንልሃል፣ ስንዴ ነው። ክርስትና ትጠራለህ፣ ዳቦ ነው። ማኅበር ትገባለህ፣ ጠላው ገብስ ነው። ንፍሮ አልቀምስም ያልኩ ዕለት የሟቹ ወንድም አፍጥጦ ሲያየኝ፣ ነፍሱን ይማረውና ገዳዩ እኔ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ። «ኧረ በስመ አብ ብለህ ቅመሳት!» ይሉሃል። አንዱ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬማ፣ የፈረንጅ በሽታ እንዴት ያዘህ፣ አንተ ፓስፖርት እንኳ የለህ፣ ብሎኝ አረፈ። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል። የእኔ ሆድ ግን ካገሩ ጋር ሊኖር አልቻለም።

ይሄን ሁሉ ልችለው እችል ነበር፤ አማቴ ባይኖሩበት።

አማቴ እትዬ ብዙነሽ ሾላ ገበያ ቅመማ ቅመም ይነግዳሉ። ኮረሪማ፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ሁሉንም ዓይናቸውን ጨፍነው በማሽተት ይለያሉ። ከቅመሙ በላይ የሚታወቁት ግን በድፎ ዳቧቸው ነው። የማርያም ዝክር ሲያወጡ ዳቧቸውን ለመቅመስ ያልተጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት፣ ሐኪሙ ከፈረደብኝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ያው ዝክር ደረሰ። ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ አማቴም የመጀመሪያውን ቁራሽ በሁለት እጃቸው ይዘው ያን ሁሉ ሰው አልፈው እኔ ጋ መጡ። «እንካ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት አንተ» አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? «አመሰግናለሁ እማማ፣ ሐኪም ከልክሎኛል።»

ቄሱ ሳል ሳይዛቸው ሳሉ። አማቴ ቁራሹን መልሰው ሞሰቡ ላይ አኖሩትና «እሺ፣ ይተዉት» አሉኝ።

«ይተዉት!» ልብ በሉ። ከሠርጌ ማግሥት ጀምሮ አንተ እያሉ የሚጠሩኝ፣ ሲቆጡኝ እንኳ «አንተ ቀውስ» የሚሉኝ ሴትዮ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱ አሉኝ። ደህና ዋሉ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ይቀመጡ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አማት አንቱ ስትልህ ከቤቷ ተባረሃል ማለት ነው፤ በሩ ብቻ ነው ያልተዘጋው። ቤታቸው ስሄድ ውኃ ያቀርቡልኛል። እኛ ቤት ሲመጡ ደግሞ ጠግቤያለሁ ይላሉ። ዓመት ሙሉ ከአማቴ ጋር ካንድ ትሪ ሳንበላ ከረምን። ትዕግሥት መሐላችን ሆና ከሳች። እኔ ስንዴ ተውኩ፣ ቀጭን ሆና የቀረችው ግን እሷ ናት።

ቬትናም ቤት እንግዲህ እዚህ ጋ ይገባል።

ከወሎ ሰፈር ገባ ብሎ፣ ጋራዥና ሆቴል ከተደረደሩበት ጀርባ፣ አንድ ፎቅ ላይ የቬትናም ምግብ ቤት ተከፍቷል ሲሉ ሰማሁ። ቬትናም ከሩቁ የማውቃት በጦርነት ዜናዋ ነበር እንጂ በምሳዋ አልነበረም። ሄጄ ምናሌውን ገለጥኩ። ኑድሉ ሩዝ ነው። አትክልቱ የሚጠቀለልበት ስስ ነገር ሩዝ ነው። እርድ ገብቶበት በቢጫው የሚጋገረው፣ እንጀራ እንጀራ የሚለው ቂጣም የሩዝ ዱቄት ነው። ሩዝ በሩዝ! አንጀቴ አገሩን ያገኘው እዚያ ነው። ስበላ እንባዬ መጣ፤ አስተናጋጇ ቃሪያው አቃጥሎኝ መስሏት ውኃ ይዛ ሮጠች።

ግን ደስታ ለእኔ መቼ ሙሉ ሆኖ ያውቃል? እዚያም ቤት ስንዴ ተደብቋል። የሚጠበሰው ጥቅል ስንዴ ነው። ሶያ ሶስ የሚሉት ጥቁር ማጣቀሻ፣ ስሙ ሶያ ይባል እንጂ ውስጡ ስንዴ አለበት። ይህን ያወቅሁት በልቼ፣ ሁለት ቀን ወገቤን ይዤ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሳዝዝ እንደ መርማሪ ፖሊስ ሆንኩ። ቤቲ የምትባለው ያችው አስተናጋጅ ግን አንድም ቀን አልሰለቸችኝም። ወጥ ቤት ገብታ ጠርሙሱን አገላብጣ አይታ፣ «ሴፍ ነው ጋሼ፣ የዓሣ ሶስ ብቻ ነው፣ ቶታሊ ሴፍ!» ትለኛለች። በዚህች ከተማ ከባለቤቴ ቀጥሎ ነፍሴን አምኜ የሰጠኋት ለቤቲ ነው።

የትዕግሥት ልደት ደረሰ። ስጦታ ምን ይምጣልሽ ስላት ምንም አልፈልግም አለችኝ። «አንተና እናቴ ካንድ ትሪ ስትበሉ ልይ። ሌላው ይቅርብኝ» ብላ ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ ብልጭ ያለልኝ። እሳቸውን ቬትናም ቤት ልውሰዳቸው! አንድ ትሪ ይቀርባል፣ ሁሉም ሩዝ ነው፣ በእጅ ይበላል፣ እበላለሁ፣ ይበላሉ፣ አበቃ። ለሽማግሌ ስንት የሚያስወጣ ዕርቅ፣ በሩዝ!

ልደቷ ዓርብ ሆኖ ዐረፈው። አማቴ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም፤ ከዘጠኝ በኋላም ቢሆን ዓሣ አይነኩም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ ስንት ወዳጅ እንዳለያየ ታውቃላችሁ፤ አማቴ ዘንድ ግን ክርክር የለም። ደም ያለው ሁሉ ፍስክ ነው፣ ተዘጋ። እኔም አሰብኩበት፤ ስለ ሆዴ የማላስበው ምን አለ? ቤቲ ጋ ቀድሜ ሄጄ ሁሉን ጨረስኩ። ትሪው ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብና አትክልት ይሁን፣ ቂጣው በኮኮናት ወተት ይጋገር፣ የእኔ ማጣቀሻ የዓሣ ሶስ፣ የእሳቸው ሎሚና ሚጥሚጣ። እኔ እንደሆነ ሐኪሙ ከፈረደብኝ ወዲህ ከጾሙ ብዙም የለሁበት።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ደረስን። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። አማቴ ደረጃውን እያረፉ ወጡ፤ እኔ ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ «አይቸገሩ» አሉኝ። ውይ፣ እንዴት እንደምትወጋ ያቺ ቃል!

ተቀመጥን። አማቴ መመገቢያ እንጨቶቹን አንስተው፣ ይሄ ደግሞ ሹራብ መሥሪያ ነው ወይ ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። ቤቲ የሩዙን ስስ መጠቅለያ ለማሳያ ስታመጣ ብርሃን ላይ አድርገው አዩት፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ወደ ትዕግሥት ጆሮ ጠጋ ብለው፣ እኔም እንድሰማው አድርገው፣ «ፌስታል ነው እንዴ የሚበሉት?» አሉ። ደነገጥኩ። የእኔን ዳቦ ትቶ ፌስታል ይበላል ሊሉ ነው ብዬ እጄን ለመታጠብ ተነሣሁ። ሸሸሁ ብል ይሻላል።

ስመለስ ትሪው ቀርቧል፣ አማቴም ተለውጠዋል። ከቅጠሉ አንዱን ቆርጠው በጣታቸው አሽተው እያሸተቱ «በሶብላ! ትዕግሥት፣ በሶብላ እኮ ነው!» ይላሉ። ቀጥለው ድንብላሉን አገኙ። ከሾላ ገበያ አንድ ዘመዳቸው ቦሌ ላይ ያጋጠማቸው ያህል ፊታቸው በራ። እነዚህ ሰዎች ክርስቲያን ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንደየሰዉ ነው እማማ አልኳቸው። «ቅመም የሚያውቅ ሕዝብ ክፉ አይሆንም» ብለው ፈረዱ። ትዕግሥት ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችኝ። ዓመት ሙሉ እንዲያ ጨብጣኝ አታውቅም።

እኔ ያላወቅሁት ግን፣ እጄን ልታጠብ በሄድኩበት የተፈጸመ ነገር አለ። ቤቲ ሁለቱን ማጣቀሻ ይዛ መጥታ ይሄ የእርስዎ፣ ይሄ የጋሼ ብላ ልታስቀምጥ ስትል፣ አማቴ ለምን ተለያየ ብለው ጠየቁ። የጋሼ ዓሣ አለበት አለቻቸው። አማቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አንድ ቤት ሰዎች ነን፣ አንድ ትሪ ላይ የጾምና የፍስክ አይደረደርም። ለሁላችንም ሌላ የጾም ይምጣ፣ ይሄ ሚጥሚጣ ለብቻው ጨጓራ ይልጣል።» ቤቲ ያደገች ልጅ ናት፤ ለሽማግሌ እምቢ ማለት አላስተማሯትም። እሺ እማማ ብላ ሁለቱንም አንሥታ ለወጥ ቤት የጾም ማጣቀሻ አዝዛ፣ በሌላ በኩል የሚጠራት ሰው ጋ ሄደች። ትዕግሥትም ዓሣው ወጣ እንጂ ስንዴ ይገባል ብላ አልጠረጠረች። ወጥ ቤቱ ደግሞ የጾም ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሶያ ሶስ።

እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። እኔ ያየሁት የአማቴን እጅ ነው። ቢጫውን ቂጣ ቆረሱ፣ ቶፉውን ጠቀለሉ፣ በሶብላውን ደረቡበት፣ ማጣቀሻው ውስጥ ጠለቅ አድርገው አወጡትና ክንዳቸውን በትሪው ላይ ዘረጉ።

«እንካ ልጄ፣ ጉረስ» አሉኝ።

እንካ! ዓመት ሙሉ «ይቀመጡ» ስባል የከረምኩ ሰውዬ፣ እንካ ተባልኩ! ዓይኔ ሊያለቅስ፣ አፌ ሊከፈት፣ ሁለቱም ባንዴ ተሰናዱ። አፌን እንደ ከፈትኩ ከአማቴ ጀርባ ቤቲን አየኋት። ሰሃን የተሸከመች ናት፤ በአንድ እጇ ሰሃኑን ይዛ በሌላው እንደ ትራፊክ ፖሊስ «ቁም! ቁም!» ትለኛለች። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ «ስንዴ» ይላል። ወደ ጉርሻው አየሁ። ጫፉ ላይ ጥቁር ጠብታ ተንጠልጥላለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። አፌን ልዝጋ? አንዴ በዝክር ቀን፣ በቄስ ፊት፣ ከእጃቸው አልተቀበልኩም፤ ዓመት ሙሉ ከፈልኩበት። ሁለተኛ ብደግመው ትዕግሥት እናቷንና ባሏን በተለያየ ሰዓት እየጎበኘች ልታረጅ ነው። ልጉረሰው? ሁለት ቀን ወገቤን ይዤ መቀመጥ ነው። አንጀት በጊዜ ይድናል፤ የአማት ፊት አንዴ ከዞረ ግን በየትኛው ሆስፒታል ይታከማል?

ጎረስኩ።

ይጣፍጣል ብላችሁስ! መርዝ ጣፋጭ ሲሆን እንዴት ያናድዳል። ዋጥ አድርጌ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ ልል ስል፣ አማቴ ሁለተኛውን ጠቅልለው ጨርሰዋል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ። እኛ ደግሞ የተጣላነው ይበቃናል! ሁለተኛውን ጎረስኩ። ሦስተኛውን «በሥላሴ ስም» ብለው ሰጡኝ። ሥላሴን እምቢ የሚል ማን ነው? ይህን ጊዜ ቤቲ ሰሃኑን የሆነ ጠረጴዛ ላይ ጥላ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰች። «ጋሼ ሶሪ! ሶሪ! ሶሱን የጾም ስላቸው ቀይረውት ነው፣ ስንዴ አለው!»

ትዕግሥት አመድ መሰለች። የአማቴ እጅ አራተኛውን እንደያዘ ትሪው ላይ ቀረ። ወደ እጃቸው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «ስንዴ ነው ያጎረስኩህ?» አሉኝ። በዚያ ቅጽበት ቁጣ ያለበት ፊት አልነበረም ያየሁት፤ ፍርሃት ነው። ሾላ ገበያን በአንድ ቃል ጸጥ የሚያሰኙት ሴትዮ ፈሩ። እኔም እሳቸውን ለማረጋጋት ብዬ፣ እግዜር ይይላት፣ ይህች አፌ አመለጠችኝ፤ «ኧረ ምንም አልሆንኩም እማማ! እንዲያውም ተሽሎኛል» አልኳቸው።

እንዲያውም ተሽሎኛል! እዚያው «ምንም አልሆንኩም» ላይ ባቆም ምን ነበረበት?

አማቴ ጉርሻውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት። በጠረጴዛው ሁሉ ያለው ሰው ሠርግ መስሎት ማጨብጨብ ጀመረ። አማቴ እያለቀሱ፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ተናገሩ። ያን ዕለት፣ ቁራሹን አልቀበልም ያልኩ ዕለት፣ ተቀይመውኝ አልነበረም። አፍረው ነው። ልጄን የሚያሳምም ዳቦ ጋግሬ በሰው ፊት አቀረብኩለት፣ እጄ ለእሱ አልተባረከችም፣ ብለው። አንቱ ያሉኝም ስለዚህ ነው፤ አንተ ለማለት መብት ያለኝ አልመስለኝ አለ አሉ ለልጃቸው። እናም በዚያው ቀን ማታ ለማርያም ተሳሉ። አንጀቱን ፈውሰሽልኝ ስንዴ ሲቀምስ እስካይ ድረስ፣ እኔም ዳቦ አልቀምስም።

ትዕግሥትና እኔ ተያየን። አማቴ ዕድሜ ልካቸውን ጠዋት በዳቦ ካልሆነ ሻይ የማይጠጡ ሴት ናቸው። እኛ ቤት ሲመጡ ጠግቤያለሁ የሚሉት ለካ ሻዩን በባዶው ጠጥተው እየመጡ ነው። እኔን ሐኪም ከለከለኝ፤ እሳቸውን ማን ከለከላቸው? እኔ።

ታዲያ እንዲህ ብለው ላለቀሱ ሴት፣ እማማ ዋሽቼ ነው፣ አልዳንኩም፣ ሻይዎን በባዶው ይቀጥሉ ይባላል? አንደበት ካላችሁ ንገሩልኝ። የተረፈውን አብረን በላን፤ እኔ ያልተነከረውን እየመረጥኩ፣ አማቴ እየነከሩ እያጎረሱኝ። ልደት እንዲህ ከሆነ ሞት ምን ሊመስል ነው!

ታክሲ ይዘን ወደ ሰሚት ስንመለስ ገርጂ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። አንጀቴ ደግሞ መንገድ ተዘጋጋ ብሎ የሚጠብቅ አይደለም። በግንባሬ ላብ ሲወርድ ያየው ሾፌር መስኮት ከፈተልኝ። ትዕግሥት በቀስታ «ነገ እንነግራታለን» አለችኝ። ማን ነው የሚነግራት አልኳት። አንተ አለች። እናትሽ ናት አልኳት። አማትህ ናት አለችኝ። እንዲህ ስንባባል ቤት ደረስን፤ ደረጃውን እንዴት እንደ ወጣሁት ግን አልናገርም።

ይህን የምጽፍላችሁ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጉልበቴን ታቅፌ ነው። ነገ እሑድ አማቴ ስለታቸውን ያስገባሉ። ዱቄቱ ተቦክቷል፣ የዕድርተኛው ሴት ሁሉ ተጠርቷል፣ ቄሱም እነዚያው ናቸው። ድፎው ተባርኮ ሲቆረስ የመጀመሪያዋን ቁራሽ በሰው ሁሉ ፊት የምበላው እኔ ነኝ፤ እኔ ከበላሁ በኋላ እሳቸው ከዓመት በኋላ ዳቦ ይቀምሳሉ። እውነቱን ልነግራቸው ጠዋት ስልክ አንሥቼ ነበር። «እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» እንዳልኩ ቀደሙኝ።

«እኔም ልነግርህ ነበር ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው እንደ ልጃገረድ ፈክቶ። «አታስብ፣ አውቄልሃለሁ። ሆድህ ገና መዳኑ ስለሆነ እንዳይከብድህ ብዬ፣ ዳቦው ውስጥ የሚገባውን ጥቁር አዝሙድ ትቼልሃለሁ።»